ለድመቶችሽ ዋስ ሆኛለሁ

ትርንጎዬ፣

ሙት ዓመትሽን ካወጣን ወዲህ ይሄ ሁለተኛው ክረምት ነው። እንዴት ነሽ ብዬ እንዳልጠይቅሽ ካለሽበት መልስ ይዞ የሚመጣ መኪና የለም፤ ስለዚህ የኔን ብቻ ልንገርሽ። ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ወፍጮው ቆሟል፤ ሊያስፈጭ የመጣው ሰው በረንዳው ላይ ዝናብ ተጠልሎ ይጫወታል፤ እኔ መጋዘን ውስጥ የጤፍ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ። ወፍጮው ሲጮህ የሰውም የራሴም ነገር አይሰማኝም፤ ደህና ነኝ። ዝም ሲል ነው የሚከፋኝ። አንቺ ይህን ስለምታውቂ መብራት ሲሄድ ሥራሽን ትተሽ መጥተሽ አጠገቤ ትቀመጪ ነበር።

ቤቱ ያው ነው ብል እዋሻለሁ። የናፍጣውን ሞተር ሸጬ በመብራት የሚሠራ አስገብቻለሁ፤ ጭሱ ቀረ፣ መብራቱ ግን እንደነገርሁሽ ነው። ልጃችን አቀስታ ተመድባ ታስተምራለች። በደወለች ቁጥር ብርዱ አጥንቴን በላው እያለች ታማርራለች፤ ያንቺን ጋቢ ሰጥቻታለሁ፣ አትቆጪኝ። ድመትሽ ዳሚት አለች። አልጋው ላይ በአንቺ በኩል ትተኛለች፤ ውረጂ ስላት ዓይኗን ጨፍና የተኛች ትመስላለች። በዚህ ቤት እኔን የሚሰማኝ ድሮም አልነበረም።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ቤቱ አይደለም። ጭንቅ ውስጥ ገብቻለሁ። በቅሬያችን ፊት፣ አንቺን ተሸክሞ በቀበረው ቅሬ ፊት ቆሜ፣ ለእህል ተራ ድመቶች ዋስ ሆኛለሁ። ሳቂ፤ የመካነ ሰላም ከተማ ሰው ሁሉ ስቋል። ሲበቃሽ ግን ስሚኝ።

ነገሩ ከአንቺ ይጀምራል። አንቺ በሕይወት ሳለሽ ድመት ይበዛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ድመት ሲወልድ አያለሁ፣ ልጆቹ የት እንደሚገቡ ግን ጠይቄ አላውቅም። ለካ አንቺ ነበርሽ። በገበያ ቀን ከገጠር የወጣው ሰው እህሉን ሲያስፈጭ፣ አንቺ የማን ጎተራ አይጥ እንደገባው፣ የማን ሚስት ድመት እንደምትጠላ፣ የማን ውሻ ክፉ እንደሆነ ጠያይቀሽ፣ ለሚሆነው ሰው በቅርጫት አድርገሽ ታስይዢው ነበር። በሌላው ገበያ ደግሞ እንዴት ናት ብለሽ ትጠይቂዋለሽ፤ አመሏን ካማረረ ምን አብልተሃት ነው ብለሽ ትቆጪዋለሽ። እኔ ዱቄት ስመዝን አንቺ ድመት ትድሪ ነበር።

መቼም ከድመት ጋር የተጋባሁት ገና ከወግዲ ስንመጣ ነው። ወፍጮ ልንከፍት በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን፣ እናቴ ስንቅ ብላ የሰጠችንን አገልግል ጭንሽ ላይ አድርገሽ፣ ማንም አይንካው እንዳልሽ መንገዱ ተጋመሰ። ራበኝ። ተሻምቼ ብከፍተው ዶሮው ተግጦ አልቋል፤ አንዲት የድመት ልጅ ሆዷን ነፍታ ቀና ብላ አየችኝ። የተሳፈረው ሰው ሁሉ ሲስቅ አንቺ ቆጣ ብለሽ፣ አዲስ ቤት ድመት ሳይቀድም አይገባም አልሽኝ። የየት አገር ደንብ እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም። የዳሚት ቅድመ አያት ያቺ ሌባ ናት።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የሚድራቸው ጠፋ። ገጠሩም የአይጥ መርዝ ከሱቅ መግዛት ለመደ። ከተማ ለቅቀው የሄዱ ሰዎች የተዉአቸውም ተጨመሩ፤ እህል ተራው በድመት ተሞላ። ጤፍ ላይ ይሸናሉ፣ ጣሪያ ላይ ይናከሳሉ። ዓይናቸውን ያልገለጡ ልጆቻቸውን ጎርፍ ቦይ ውስጥ ይወስዳቸዋል፤ ስንት ጠዋት በአካፋ እያወጣሁ ቀብሬአለሁ። በዚህ መሀል አንድ ሕፃን ተነከሰና የእብድ ውሻ በሽታ ወሬ ተነሳ። ቅሬው ተሰበሰበ፤ ሳንባ ላይ መርዝ ነስንሶ መጨረስ ነው ተባለ። ነገሩን ያነሳው ጤፍ ነጋዴው ደሳለው ነው። ድምፁን ታውቂዋለሽ፣ ከወፍጮዬ አይተናነስም።

ዶክተር ሀያትን አንቺ አታውቂያትም። የደሴ ልጅ ናት፣ የእንስሳት ሐኪም። እሷና ጓደኞቿ የዓመት ፈቃዳቸውን ይዘው፣ መድኃኒቱን ከራሳቸው ኪስ ገዝተው፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ድመትና ውሻ ያመክናሉ። ማንም አልላካቸውም፣ ማንም አይከፍላቸውም። ቅሬው ፊት ቀርባ ስትናገር እኔም እንደሌላው ሰው ክንዴን አጣምሬ ነበር የሰማኋት። እነዚህን ብትገድሉ፣ ምግቡና መጠለያው እስካለ ድረስ ከዳር ያሉት ገብተው ይወልዳሉ አለች። ወንዱን አኮላሽተን፣ ሴቷን እንዳትወልድ አድርገን፣ የእብድ ውሻ ክትባት ወግተን ወደ ቦታቸው ብንመልሳቸው ግን አይጡንም ይጠብቃሉ፣ ቦታውንም ለሌላ አይለቁም፣ በጊዜያቸው እያነሱ ይሄዳሉ አለች። ደሳለው፣ ወይፈን ሲኮላሽ አውቃለሁ፣ ድመት የሚያኮላሽ ሐኪም ለማየት ዕድሜ ሰጠኝ ብሎ ሰውን አሳቀ። የቅሬው ዳኛ ሼህ እንድሪስ ግን አልሳቁም። መርዙን ለአንድ ዓመት እናቆየው ብንል፣ ድመቶቹ መውለዳቸውን ባይተዉ የሚጠየቀው ማን ነው፣ ዋስ ጥሪ አሏት። ልጅቷ የማንንም ስም አታውቅም። ዙሪያዋን አየች።

ለምን እንደተነሳሁ እንጃ። በዚያ ሰዓት የታየኝ፣ አንቺ ቅርጫትሽን ነጠላሽ ሥር ይዘሽ በገበያተኛው መሀል ስትሽሎከለኪ ነው። እኔ ዋስ ነኝ አልሁ። በሚቀጥለው ፍልሰታ እህል ተራ ውስጥ ድመት ወልዶ ቢገኝ እኔ ልጠየቅ፣ መርዙንም አልቃወምም አልሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ የለም።

ሥራው የተጀመረው በዚያው በአምናው ፍልሰታ ነው፤ ጊዜውን የመረጥሁላቸው እኔ ነኝ። በጾም የክርስቲያኑ ልኳንዳ ይዘጋል፣ ፍርፋሪ ይጠፋል፣ የራበው ድመት ወጥመድ ቶሎ ይገባል። ለማባበያ የሚሆነውን ሳንባ ጎረቤትሽ ጦይባ ከሙስሊሙ ልኳንዳ ታመጣ ነበር። ድመት የማን ቢላ እንደባረከው አይጠይቅም። ወጥመዱን በያጁ ከሽቦ ሠራልን። መጋዘኔን አጥቤ፣ ኖራ ቀብቼ ሰጠኋቸው። አንቺ ስንት ዓመት ቀባልኝ ስትይኝ ያልቀባሁትን ግድግዳ ለድመት ቀባሁት፤ ይህን እንዳልሰማሽ ሁኚ። ሀያት መርፌ ወግታ ታስተኛቸዋለች፤ የሴቷን ሆድ ላጭታ፣ ቀድዳ፣ የሚወጣውን አውጥታ ትሰፋለች። ከመንቃታቸው በፊት የግራ ጆሯቸውን ጫፍ ቀጥ አድርጋ ትቆርጣለች። ይሄ ተሠርቷል፣ ዳግም አይያዝ ማለት ነው።

ዳሚትንም አስገብቻታለሁ። ትርንጎዬ፣ ማህፀኗን ሳህን ላይ ሳየው ወጥቼ ውጭ ቆምሁ። ሁለተኛ ልጅ ስንለምን፣ ከጠበል ጠበል ስንንከራተት፣ አንቺ ወር በመጣ ቁጥር ፊትሽን አዙረሽ ስታለቅሺ ታየኝ። እኛ ለምነን ያጣነውን እኔ ሳልጠይቃት አስወሰድሁባት። ሀያት ወጥታ፣ አባባ አሞዎት ነው ወይ አለችኝ። ዱቄት ዓይኔ ገብቶ ነው አልኋት፤ ወፍጮው እንኳ አልተነሳም ነበር። ልክ አደረግህ ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ አዎ እልሻለሁ፤ ግን አዎ የምልሽ ከቦይ ያወጣኋቸውን እያሰብሁ ነው።

ፈቃዳቸው አልቆ ሲሄዱ ያልተያዙ ገና ብዙ ነበሩ። በጥር እንመለሳለን ብለው ነበር፤ መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፣ ሳይመጡ ቀሩ። ቅሬው በዚህ መሀል አንድ ነገር ወሰነ። ጆሮው የተቆረጠ ድመት አይነካም፤ ጆሮው ሙሉ የሆነ ግን እየተያዘ በጆንያ ገደል ይጣላል ተባለ። ቢያንስ የተሠሩት ይተርፋሉ ብዬ ዝም አልሁ።

ከዚያ ወዲህ ጆሮው የተቆረጠ ድመት እየበዛ መጣ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ሐኪሞቹ ከቆጠርሁት በላይ ሠርተዋል ማለት ነው እያልሁ ስዘዋወር ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ የራሴ ጉዳይ ለራሴ በመጨረሻ ደረሰኝ። ዘንድሮ ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ ጆሮዋ የተቆረጠ አንዲት ነጭ ድመት ደሳለው ሱቅ ውስጥ ጤፍ ጆንያ ላይ ወለደች። ደሳለው ልጆቿን በካርቶን ይዞ መጥቶ ወፍጮ ቤቴ መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየ አስቀመጣቸው። የሐኪም ሥራ ይሄ ነው ወይ፣ እንግዲህ ዋሱ ይጠየቅ አለ።

ሀያት ዘንድ ደወልሁ። ማህፀን የሌላት ድመት አትወልድም፣ እስቲ ጆሮዋን ደህና አድርገው ይዩት፣ የኛ ቁርጥ ቀጥ ያለ ነው አለችኝ። ሄጄ አየሁ። የነጯ ጆሮ በመቀስ የተሸራረፈ ነው። ከዚያ በየደጁ እየዞርሁ ሌሎቹንም አየሁ፤ ግማሾቹ እንደሷው ናቸው።

ጦይባ ቤት ስገባ፣ ድመት በጋቢ ጠቅልላ እግሯ መሀል ይዛ አገኘኋት። ሳልጠይቃት አለቀሰች። አያ ተሾመ፣ በጆንያ ሲጥሏቸው ማየት አልቻልሁም፣ ወላሂ እኔው ነኝ የምቆርጣቸው፣ የቡና ዱቄት ነስንሼ ደሙን አቆምላቸዋለሁ አለችኝ። ትርንጎ ብትኖር ዝም ትል ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንቺ ብትኖሪ መቀሱን የምትይዢው አንቺ ነበርሽ።

እንግዲህ ጭንቀቴን ተመልከችልኝ። እውነቱን ብናገር ቃሌም ይነጻል፣ የሀያትም ሥራ ይነጻል፤ ጦይባ ግን በአደባባይ ትዋረዳለች። ሕመምሽ ሲጸና ጡት እንደምታጠባ እናት እያቀፈች ሾርባ ያጠጣችሽ እሷ ናት፤ ደሴ ስንመላለስ ሱቋን ዘግታ የተከተለችን እሷ ናት። ዝም ብል ደግሞ መርዙ ይነሰነሳል፣ የተሠራውም ያልተሠራውም አብሮ ያልቃል። ሚዛን ላይ ዱቄት ሳስቀምጥ እንኳ እጄ ይሳሳት ጀመር።

ቅሬው እሑድ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰበ። ስሜ ተጠራ፤ ቆምሁ። ሐኪሟ የሠራቻት ድመት አልወለደችም፣ የወለደችው ያልተሠራች ናት፣ ጆሮዋን ማን እንደቆረጠው ግን አልናገርም፣ ዋሱ እኔ ነኝና እኔን ጠይቁ አልሁ። ደሳለው፣ ቆራጩ ካልተነገረ ነገሩ ሁሉ ውሸት ነው ብሎ ጮኸ። ያኔ ጦይባ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ በራሷ ስም ቅሬ የገባች ናት፣ ከኋላ ተነሳች። እኔ ነኝ፣ ወንጀሉም የኔ ነው፣ አፉ በሉኝ አለች። የቆረጠቻቸውንም በመልካቸው ትጠራቸው ጀመር፤ ግራጫዋን፣ ጥቁሩን፣ ጭራ ቆራጣውን። ነጯን ግን አላውቃትም፣ እሷ የኔ እጅ አይደለችም አለች።

ሰው ሁሉ ዞሮ ደሳለውን አየ። ነጯ የሱ ቤት ድመት ናት። እሱም፣ ልጆቼ እንዳትጣል ሲያለቅሱብኝ ምን ላድርግ አለ፤ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ አጠገቡ የተቀመጥነው እንኳ በግድ ሰማነው። ከዚያ ልብስ ሰፊው ተነሳና እኔም የቤቴን ቆርጫለሁ አለ። ሌላውም ተነሳ፣ ሌላዋም። መርዝ ይሁን ብሎ እጁን ያወጣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ የራሱን ድመት ጆሮ ሲቆርጥ ኖሯል። ሼህ እንድሪስ አጃኢብ ነው አሉና ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

አንቺ ይህን ብታዪ ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ትንፈቀፈቂ ነበር። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ግን ብዙ አልቆየም። ያፈረ ሰው ከተናደደ ሰው ይከፋል። እንግዲያስ ምልክቱ ውሸት ከሆነ ማንን ከማን እንለያለን፣ ሁሉንም አንድ ላይ መገላገል ነው የሚሉ ተነሱ፤ ቀድሞ ዝም ብለው የኖሩት ናቸው እንዲህ ያሉት። ተጨቃጨቁ። በስተመጨረሻ ሼህ እንድሪስ እስከ ሁዳዴ ጊዜ ሰጡ። ሐኪሞቹ ይምጡና እያንዳንዱን እንደገና አይተው ያልተሠራውን ይሥሩ፤ እስከዚያ መርዝ ያወጣ ሰው ከቅሬ ይወጣል አሉ። ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት የሚያነሳው እንደሌለ ታውቂያለሽ። ይህ ሁሉ እንዲሆን ግን ዋሱ ይታደስ አሉ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እንደገና ተነሳሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ከወፍጮው ጀርባ ድመቶች ሞተው አገኘሁ። አፋቸው አረፋ ደፍቋል። የሁለቱ ጆሮ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው፤ በኔው መጋዘን የተሰፉ፣ ሲነቁ ውኃ ያጠጣኋቸው ናቸው። ማን እንዳደረገው አልጠየቅሁም። እሑድ አብሮኝ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ከዚያ በላይ ባውቅ አብሬው ለቀብር መውጣት አልችልም። አሁን ሰላም የሚለኝን ሰው ሁሉ እጁን አያለሁ፤ ይህ ደግሞ በሽታ ሆኖብኛል። ዳሚትን ቤት ቆልፌባታለሁ። በሩ ሥር ሆና ቀኑን ሙሉ ትጮሃለች፤ ብከፍትላት አጠፋታለሁ፣ ባልከፍትላት አስለቅሳታለሁ። ለሀያት በስልክ ነገርኋት። መንገዱ ከተከፈተ እመጣለሁ፣ አብሽሩ አባባ አለችኝ። ከተከፈተ። መንገዱን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ቃሌን እሱ ላይ አስቀምጫለሁ። ፈርቻለሁ፣ ትርንጎ።

ጦይባ ትናንት፣ አንዴ እንዲያ ከተዋረድህ ሁለተኛ ለምን ተነሳህ አለችኝ። በጨዋታ አለፍኋት። ላንቺ ግን ልንገርሽ። ደሴ፣ ሐኪሙ ከእንግዲህ ቤቷ ትረፍ ያለኝ ቀን ትዝ ይልሻል? አንቺን ጦይባ ታለብስሻለች፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜአለሁ። በዚያ ሰዓት የፈለግሁት ዳኛ ነበር። ዋስ ጥራ የሚለኝ፣ ወፍጮዬን፣ ቤቴን፣ ቀሪ ዕድሜዬን አስይዤ አንድ ክረምት ጨምሩላት ብዬ የምለምነው ሰው ፈለግሁ። ነርሶቹ አለፉ፣ አስታማሚው ስንቁን ይዞ አለፈ፤ የጠየቀኝ የለም። ከዚያ ደግፌሽ ወጣን። ለድመት ግን ዋስ ጥራ የሚል ሽማግሌ አለ፣ ጊዜ ይሰጣል፣ ቀን ይቆርጣል። ይህን እያወቅሁ እንዴት ልቀመጥ?

መብራቱ መጥቷል፤ በረንዳው ላይ ያሉት ሰዎች እየጠሩኝ ነው። እስከ ሁዳዴ በየጠዋቱ ቦዩን አያለሁ፣ የተጣለ ሥጋ ካገኘሁ እቀብራለሁ፣ ሀያት ዘንድ እደውላለሁ። ሻማ አበራልሻለሁ ብል ሻማው ያልቃል፤ አንቺን የማስታውስሽ ግን እንዲህ ነው፣ ዋስ ጥራ በተባለ ቁጥር እነሳለሁ። ላንቺ አልጠየቁኝም እንጂ፣ ላንቺማ ሳልጠራ ቆሜ ነበር።

ባልሽ ተሾመ